የልጆቹ እግር ሐይቁን አይንካ፦ ከሕፃናት ጋር ወደ ሐዋሳ ለሚሄድ ቤተሰብ

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር ከአዲስ አበባ ተነሥተን ሐዋሳ ላይ አምስት ቀን ለማሳለፍ አስበናል። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ መሀለኛዋ አራት፣ ትንሹ ዓመት ተኩል። የምንሄደው በራሳችን የቤት መኪና ነው። በመጀመሪያው ቀን ላንጋኖንና አብጃታ ሻላን እያየን እንገባለን፤ በሁለተኛው ቀን ወንዶ ገነትና ሰንቀሌ፤ በሦስተኛው ቀን አርባ ምንጭ ደርሰን ልጆቹ አዞ አይተው እንመለሳለን፤ በአራተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ቦታ ይዋኛሉ፤ በአምስተኛው ቀን ወደ ቤት። እናቴ ገብርኤልን ማንገሥ ትፈልጋለች። ልጆቹን ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት አስቀርተን ለታኅሣሥ 19 እንሂድ ወይስ ከጥር 16 በኋላ ያለውን የግማሽ ዓመት ዕረፍት እንጠብቅ? ስለ ወባም ሰዎች ያስፈራሩናል፤ እኛ ግን ያው አገራችን ስለሆነ ብዙም አልተጨነቅንም።»

ምላሽ፦ ከዚህ ዕቅድ ሁለት ነገር አሁኑኑ ይሰረዝ፤ የአርባ ምንጩ ደርሶ መልስና የሐይቁ ዋና። የቀረው በመቀነስና ቦታ በማለዋወጥ ይስተካከላል። በሐዋሳና በዙሪያዋ ቤተሰቦችን ሳስጎበኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የተበላሹ ጉዞዎችን ሳስታውስ የሚታይ ነገር ጠፍቶ የተበላሸ አንድም የለም፤ የተበላሹት ወላጆች ከልጆቻቸው አቅም በላይ መንገድ ስለደገሱ ነው።

ከሐይቁ ልጀምር፤ ለጥንቃቄ ብለው የመረጡት ቦታ አደጋው የተከማቸበት ሆኖ ተገኝቷልና። «ጥልቀት በሌለው ቦታ» ብለዋል። ልጅ እንዳይሰጥም ከሆነ አሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ብልሃርዚያ የተባለው በጥቃቅን ትሎች የሚመጣ በሽታ አለ፤ በሐይቁ ዙሪያ በሚኖሩ ተማሪዎችና በዓሣ አጥማጆች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ተረጋግጧል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽ ቀንድ አውጣ የምትኖረው መሀል ሐይቁ ላይ አይደለም፤ ዳር ዳሩን፣ ውሃው ሞቅ ባለበት፣ ሣርና ቄጠማ በበዛበት ነው። ከእርሷ የሚወጡት በዓይን የማይታዩ እጮች የሰው ገላ ካገኙ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን በስተው ይገባሉ። ለዚህ ቁስል አያስፈልግም፣ ውሃውን መጠጣትም አያስፈልግም። እንግዲህ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ግማሽ ሰዓት የተንቦጫረቀ ሕፃን በሐይቁ አካባቢ ከሁሉም ይበልጥ የተጋለጠ ሰው ነው ማለት ነው።

«የአካባቢው ልጆች እኮ ሲዋኙ ይውላሉ» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይሰጠኛል። አዎ፣ ይዋኛሉ፤ ይያዛሉም። በየትምህርት ቤቱ የብልሃርዚያ መድኃኒት የሚታደለው በዚሁ ምክንያት ነው። በሽታው ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ልጁ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ድካም ሲመጣ ከሐዋሳ ጋር የሚያገናኘው ሰው አይኖርም። በስሕተት ገብቶ የተነከረ ልጅ ካለ ቶሎ በፎጣ አድርቁት፤ ማድረቁ ግን ዋስትና አይሆንም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ የሰገራ ምርመራ ይደረግለት። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በደንብ ያድናል፣ ስለዚህ መደናገጥ አያስፈልግም። ግን አውቆ ልጅን ወደዚያ ማስገባት ለምን ያስፈልጋል? ለዋናው የሆቴል ገንዳ ይበቃል። ዋናው ግድ ሐይቅ ላይ ይሁን ካላችሁ፣ ከብልሃርዚያ ነጻ ነው ተብሎ ለዋና የሚመረጠው ላንጋኖ ነው፤ እርሱን ደግሞ በሌላ ጊዜ ራሱን ችሎ ሂዱበት።

ይህን ስል ሐይቁ ለልጆች አይሆንም ማለቴ አይደለም። ለሕፃን ዓይን ከዚህ የበለጠ ቦታ አላውቅም። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ውረዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት ጥለውት ያደሩትን መረብ ይዘው የሚመለሱት፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከመረቡ እየፈለቀቁ የሚያወጡት በዚህ ሰዓት ነው። ወጣቶች ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፣ ሆድ ዕቃውን ወደ ኋላ ይወረውራሉ። ከኋላ ደግሞ አባ ኮዳዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። አባ ኮዳ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚቆም ወፍ ነው። ራሱ መላጣ ነው፤ አንገቱ ሥር የተንጠለጠለው ሮዝ ከረጢት በእርግጥም ኮዳ ይመስላል። የአራት ዓመቷ ልጅዎ አጠገቡ ብትቆም ወፉ ከእርሷ ይረዝማል። በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ ራሷን ከሚበልጥ ወፍ ጋር ፊት ለፊት ስትተያይ አይቻለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ ከዚያ በኋላ ግን ለሦስት ቀን ያህል አካሄዱን እያስመሰለች ስትራመድ ሰነበተች። ፔሊካኖቹም ከውሃው ላይ ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው የመግቢያ ክፍያና አንድ ሰዓት ነው። ጥንቃቄው፦ መሬቱ በዓሣ ቅርፊት ያንሸራትታል፣ የተሳለ ቢላዋ በየቦታው አለ፣ አባ ኮዳም ምንቃሩ ጠንካራ ስለሆነ ልጅ ዓሣ ይዞ እንዳይቀርበው። የሚዘጋ ጫማ አድርጉላቸው፤ ትንሹን እዘሉት እንጂ አታውርዱት።

ጦጣና ጉሬዛ በሐይቁ ዳር ዛፎችና በሆቴሎቹ ግቢ በብዛት አሉ። ጉሬዛው ከዛፍ ወርዶ ሰው አያስቸግርም። ጦጣው ግን ለምዷል። አንድ ጊዜ አብሬያቸው የነበርኩ ወላጆች ፎቶ ለማንሣት ለልጃቸው ሙዝ አስያዙት። ጦጣው ሙዙን ሲመነጭቅ ልጁ አልለቅም አለ፤ ያኔ ጣቱን ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ነበር፣ ቀሪው ሁለት ቀን ግን በሆስፒታል መመላለስ አለቀ። የእንስሳ ንክሻ ሲያጋጥም ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ለሐኪም ማሳየት የግድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ የሚባለው ከውሻ ብቻ የሚመጣ አይደለምና። ስለዚህ ምግብ በእጅ ይዞ ከግቢ መውጣት ይቅር፣ የክፍላችሁም መስኮት ሳይዘጋ አትውጡ።

ስለ ጀልባ። ጉማሬ ለማየት ወደ ጥቁር ውሃ መግቢያ አቅጣጫ የሚወስዱ ጀልባዎች አሉ፤ ለሰባት ዓመቱ ልጅ ትልቅ ትዝታ ይሆናል። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ተነሥቶ ያናውጠዋል፤ ስለዚህ ከ4 ሰዓት በኋላ ከልጅ ጋር አትሳፈሩ። የነፍስ አድን ጃኬት አለ ሲሏችሁ «አለ» በሚለው ብቻ አትርኩ፤ የአዋቂ ጃኬት ያጠለቀ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ በጭንቅላቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ጃኬቱን አልብሱት፣ ማሰሪያውን አጥብቁ፣ ከዚያ ከትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል። በልኩ ከሌለ ጉዞው ይቅር፣ ልጁ ቢያለቅስም ይቅር። ዓመት ተኩሉን በምንም መልኩ አታሳፍሩት፤ ከአያቱ ጋር ዳር ይቆይ። ከጀልባ ነጂው ጋር ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ርቀቱንም ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ነጂዎቹ እንግዳ ደስ እንዲለው ብለው ወደ ጉማሬው ይጠጋሉ፤ ጉማሬ ደግሞ ሰጥሞ ከየት እንደሚወጣ አይታወቅም። «ከሩቅ ካየን ይበቃናል» ብትሏቸው ደስ ብሏቸው ይስማማሉ። ጉማሬው ሲመሽ ሣር ፍለጋ ወደ ዳር ስለሚወጣ ከጨለመ በኋላ ሐይቁ ጠርዝ ላይ መንሸራሸር አይገባም።

አሁን ወደ መንገዱ። አርባ ምንጭ ከሐዋሳ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ያሰባችሁት በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ደርሶ እንደመመለስ ያለ ነገር ነው። አዞው ጋ ስትደርሱ ልጆቹ ተኝተው ይሆናል። አንዳንድ ሰው በአርባ ምንጭ ፋንታ ባሌን ያነሣል፤ የባሌ ተራሮች ፓርክ መግቢያ የሆነችው ዲንሾ በኪሎ ሜትር ብትቀርብም ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ብርድ አገር ነው፣ ለደርሶ መልስ አይሆንም። ዓመት ተኩል ልጅ ላለው ቤተሰብ የምሰጠው ወሰን ግልጽ ነው፦ ከማረፊያችሁ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ የሚርቅ ቦታ አይኑር፣ ሁለት ቀን ተከታትሎ ከከተማ መውጣትም አይኑር።

ከዚህ በፊት ግን ያልተቆጠረ ነገር አለ። እናንተ ስድስት ሰዎች ናችሁ፤ የቤት መኪና መቀመጫው አምስት ነው። ትንሹ በአያቱ ጭን ይሄዳል ብላችሁ አስባችሁ ይሆናል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። መኪና በድንገት ሲቆም አሥር ኪሎ የሚመዝን ሕፃንን በክንድ ይዞ ማስቀረት የሚችል ሰው የለም፤ አያት አትችልም፣ ጉልበተኛ አባትም አይችልም። ለትንሹ በመኪናው ቀበቶ የሚታሰር የሕፃን ወንበር፣ ለሁለቱ ትልልቆች ቀበቶው አንገታቸው ላይ ሳይሆን ደረታቸው ላይ እንዲያርፍ ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ያስፈልጋል። ሁለት መንገድ አላችሁ። አንደኛው ሰፋ ያለ መኪና ከነሹፌሩ መከራየት ነው። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፦ ባለቤትዎ ሁለቱን ትልልቅ ልጆች ይዘው በመኪና ይሂዱ፣ እርስዎ ከእናትዎና ከትንሹ ጋር በአውሮፕላን። ከቦሌ ሐዋሳ በረራው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ለብቻው ወንበር ሳይዝ በዝቅተኛ ክፍያ ይሳፈራል። ለእናትዎ ጉልበትና ለትንሹ እንቅልፍ ይህ ወጪ ያዋጣል።

በመኪና የሚሄዱት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሡ። እስከ ሞጆ በአዳማው የፍጥነት መንገድ፣ ከሞጆ ወደ ባቱ (ዝዋይ) አቅጣጫ ደግሞ በአዲሱ የፍጥነት መንገድ ጉዞው ቀላል ነው። ከባቱ በኋላ ባለው አሮጌ መንገድ ከብቱ፣ ጋሪው፣ ባጃጁና ሕዝቡ አንድ አስፋልት ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ትዕግሥት እንጂ ፍጥነት አይሠራም። አዋቂ ብቻውን አምስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይገባል፤ ከልጆች ጋር ስድስት ሰባት ሰዓት ያዙ። ባቱ ላይ አንድ ረጅም ዕረፍት ይበቃል። ላንጋኖና አብጃታ ሻላ በዚህ ቀን አይነኩ። በሌሊት አትንዱ፣ ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ምሽትም የመንገዱን ጸጥታ ከዚያ መስመር ሹፌሮች ጠይቁ።

የጊዜው ምርጫ። የታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ሐዋሳ ላይ ታላቅ በዓል ነው፤ ምእመናን ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፣ የሆቴል አልጋ ቀደም ብሎ ይያዛል፣ ዋጋው ይወጣል፣ በዋዜማውና በዕለቱ መሀል ከተማው በሰው ይሞላል። ለአዋቂ መንፈሳዊ ደስታ ነው። ዓመት ተኩልና አራት ዓመት የሆኑ ልጆችን ይዞ በዚያ ሕዝብ መካከል መቆም ግን ለልጆቹም ለእናትዎም ጭንቀት ይሆናል፤ አያት ጸሎቷን ትታ ልጅ ስትፈልግ ትውላለች። የሐምሌ 19ኙም ንግሥ እንዲሁ ነው፣ ያውም በዝናብ። ይልቅ ሁለቱን የሚያስታርቅ ቀን አለ፦ ጥር 18 ግቡ፣ ጥር 22 ተመለሱ። ጥር 19 ወርኃዊው የገብርኤል ቀን ነው። እናትዎ በማለዳ መሀል ከተማ ወዳለው ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ ሄደው ያለ ግፊያ አስቀድሰው ይመለሳሉ። ጥር 21 ደግሞ አስተርዮ ማርያም ናት፣ ለእርሳቸው ተጨማሪ በረከት። ትምህርት አይቋረጥም፣ የጥምቀቱም ግርግር አልፏል። ጥር ደረቅ ወር ነው፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ግን ስለሚቀዘቅዝ ለልጆቹ ሹራብ ያዙ። ትልቁ ልጃችሁ ከፍ ሲል በሌላ ዓመት ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጫምባላላ አምጡት። ዩኔስኮ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመዘገበው በዓል ነው፤ ቀኑን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ስለሚወስኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፣ ሕዝቡም ጉዱማሌ በተባለው አደባባይ ላይ ይሰበሰባል።

ከከተማ ለመውጣት አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ ብባል ወንዶ ገነት እላለሁ። ከሐዋሳ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዚያ ቀን ስድስታችሁንም የሚይዝ መኪና ከነሹፌሩ ተከራዩ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ፣ ለምሳ ሐዋሳ ተመለሱ። የፍል ውሃው ገንዳዎች ሥራ ላይ መሆናቸውን በዋዜማው በስልክ አረጋግጡ። ቅዳሜና እሑድ ይጨናነቃልና በሥራ ቀን ሂዱ። ልጆቹ የሚወዱት ከውሃው ይልቅ ጫካውን ነው፤ ትልልቅ ዛፎች፣ ጉሬዛዎች፣ ከመሬት የሚወጣ እንፋሎት። አደጋውም እዚያው ነው። ውሃው በሚፈልቅበት ቦታ ድንች የሚቀቅል ትኩሳት አለው፤ ልጅ እጁን ከነከረ ይቀቀላል። ወደ ምንጩ ስትወጡ አንድ ልጅ በአንድ አዋቂ እጅ ይያዝ፣ ያለዚህ አይሆንም። ገንዳው ውስጥም ሕፃን ሙቀቱን እንደ አዋቂ ማስወጣት ስለማይችል ቶሎ ይግላል፤ ትልልቆቹን ከአሥር ደቂቃ በኋላ አውጥታችሁ ውሃ አጠጧቸው፣ ትንሹ ለብ ያለው ላይ እግሩን ቢያርስ ይበቃዋል። እናትዎ የደም ግፊት ካለባቸው እርሳቸውም እንደ ትንሹ ያድርጉ።

ሰንቀሌ ለሁላችሁም አይሆንም። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የቀረውን የስዌይን ቆርኬ ለመጠበቅ የተከለለ ሜዳ ነው፤ ከሻሸመኔ ወደ ሃላባ በሚወስደው መንገድ ሄዶ አጄ አካባቢ ይታጠፋል፣ የመጨረሻው ክፍል አስፋልት አይደለም። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ቆርኬው ከመኪና ሳይወረድ ይታያል። ለሰባት ዓመት ልጅ ተስማሚ ነው፤ አባትና ልጅ ሁለቱ ብቻ አንድ ማለዳ ይሂዱ። ትልቁ ልጅ ሁልጊዜ በትንሹ እንቅልፍ እየተለካ ይኖራልና ከአባቱ ጋር የብቻው የሆነ አንድ ጠዋት ይገባዋል። ይርጋለም ከእንሰቱና ከቡናው ጋር ያምራል፣ ግን አምስት ቀን ውስጥ አይጨመር።

የቀረው ጊዜ የከተማዋ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ መንገዶቿ ሰፊና በዛፍ የተጋረዱ ናቸው፤ ለልጅ እግር ከዚህ የተመቸ ትልቅ ከተማ በአገራችን ጥቂት ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ከ10 ሰዓት በኋላ መናፈስ፣ በባጃጅ አንድ ዙር መዞር፣ ትልቁን ልጅ ይዞ በጠዋት ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ሐይቁንና ከተማውን ከላይ ማየት፤ ይኸው ሁሉም በአንድ ቀን ሳይሆን በቀን አንዱ። ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው የትንሹ እንቅልፍና የሁላችሁም ዕረፍት ነው። ይህን ሦስት ሰዓት ያልነካ ቤተሰብ ሲጣላ አላየሁም።

ማረፊያ ስትመርጡ የኮከቡን ብዛት ተዉት፤ በስልክ እነዚህን ጠይቁ። የሕፃናት ገንዳው ከአዋቂው የተለየ ነው ወይ፣ ገንዳው ዙሪያ አጥር አለው ወይ? መስኮቱ ወንፊት አለው፣ አልጋው አጎበር ይሰቀልበታል? በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች አሉ? ፎቅ ላይ ከሆነ የበረንዳው ብረት ክፍተቱ ሕፃን ያሳልፋል? ምድር ቤት ላይ ያሉ የተያያዙ ሁለት ክፍሎች ሐይቁን ከሚያሳይ የፎቅ ክፍል ይሻላሉ። ሐይቁን ለማየት ውጭ አለላችሁ። ገንዳው አጠገብ አንድ አዋቂ በስሙ ተመድቦ ይቀመጥ፤ «ሁላችንም እያየነው» የሚባልበት ጊዜ ማንም የማያይበት ጊዜ ነው።

ምግብ ችግር አይሆንም። ለልጆቹ ቆሮሶ አጥንቱ ወጥቶለት እንዲጠበስ እዘዙ፤ ቢሆንም ለትንሹ ሥጋውን በጣታችሁ እየዳበሳችሁ አጉርሱት፣ የቆሮሶ አጥንት ቀጭን ነው። በዳጣ የሚበላው ጥሬ ዓሣ የሐዋሳ ወግ ቢሆንም ለልጅ አይሰጥም። የተላጠ አናናስና አቮካዶ ከመንገድ ዳር ሳይሆን ራሳችሁ ገዝታችሁ ላጡ። ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ጨው) ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሌሊት ተቅማጥ የጀመረው ልጅ ፋርማሲ እስኪከፈት አይጠብቅም።

በመጨረሻ ወባ። «አገራችን ስለሆነ» የሚለው አሳሳቢ ስሕተት ነው። በወባ አካባቢ የሚያድግ ሰው በተደጋጋሚ ከመያዝ የሚያገኘው ከፊል መከላከያ አለ፤ በፓስፖርት የሚገኝ መከላከያ ግን የለም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ልጆችዎ ወባን አያውቁትም፤ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ረገድ ልጆችዎ ከውጭ አገር ከመጣ ልጅ አይለዩም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ዋናው የወባ ወቅት ጥር ላይ ቢያልፍም ትንኟ አትጠፋም። የምትነክሰው ከመሸ እስኪነጋ ነው። ከ12 ሰዓት ማታ ጀምሮ ሁሉም ረጅም እጅጌና ሱሪ ይልበስ፣ በተጋለጠው ገላ ላይ ለልጆች የሚሆን የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ፤ ሕፃኑ እጁን ስለሚልስ መዳፉን አትቀቡት። አጎበር ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠርዙም ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ።

የመመለሻው ጠዋት ጥር 22 ባለቤትዎና ሁለቱ ትልልቆች 1 ሰዓት ላይ ይነሡ። ያኔ ነው አብጃታ ሻላ የሚገባው፤ ከመግቢያው ብዙ ሳይርቁ ሰጎንና የሜዳ ፍየል ይታያሉ፣ ለአንድ ሰዓት ዕረፍት ይበቃል። ፍላሚንጎ ፍለጋ ወደ አብጃታ ጠርዝ አትውረዱ፤ ሐይቁ ሸሽቶ የተወው ጭቃ ላዩ ደረቅ መስሎ መኪናም ሰውም ያሰጥማል። ምሳ ባቱ፣ ከ10 ሰዓት በፊት አዲስ አበባ።

ወባ ከንክሻ በኋላ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ አንዱ ዓይነቱ ግን ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይነሣል። ከጥር ማለቂያ ጀምሮ ከልጆቹ አንዱ ቢያተኩሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አታሳድሩት፣ በግምትም መድኃኒት አትስጡት። በዚያው ቀን የደም ምርመራ ይደረግለት። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ወባን በመጀመሪያ ላያስብ ስለሚችል፣ ገና ክፍሉ ውስጥ እንደገባችሁ የልጁን ዕድሜ ከመናገራችሁ በፊት «ሐዋሳ ሰንብተን ነው የመጣነው» በሉት።